እማማን ምን ብዬ ጻፍኳቸው?

እየቀዳ ነው? ...እሺ፣ እየቀዳ ነው። ሰላም። ላይኛዋ ሲኞራ ዛሬም ወንበር እየጎተተች ነው፤ እንግዲህ ለምዳችኋታል።

ዛሬ ያንን ቃል የገባሁላችሁን ላወራ ነበር። አልሆነም። ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ስልክ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

አያት ናቸው፣ እማማ እንበላቸው። ደወሉ። ሰላምታው እንደሚታወቀው ነው፤ ጤና፣ ብርዱ፣ «አንቺስ?»፣ መልሶ ብርዱ። ከዚያ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ እኔን ምን ብለሽ ነው የጻፍሽኝ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። እኔ! ስልኩን እንደያዝኩ ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። «ሄሎ? ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?» ይላሉ።

ወረቀቱ ከአገር ቤት የመጣ፣ እኔ ወደ ጣሊያንኛ የተረጎምኩት የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። እናቱ ለሞተችበት ልጅ አያቱን አሳዳሪ፣ አጎቱን ሞግዚት አድርጓል። በእኛ ሕግ እንግዲህ አሳዳሪ የልጁን አካል ነው የሚጠብቀው፤ በላ ወይ፣ ታመመ ወይ፣ የት አደረ። ሞግዚት ደግሞ ንብረቱን። ከተማ ውስጥ ሞግዚት ስትሉ ሰው የሚመጣለት በደመወዝ ልጅ የምትይዘዋ ናት። አጎትየው ይህን ቢሰሙ... በቃ፣ ተዉት።

እና እነዚህ ቃላት ራሳቸው የተርጓሚ ሥራ ናቸው እኮ! የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው፣ በፈረንሳይኛ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለዚህኛው አሳዳሪ፣ ለዚያኛው ሞግዚት ልበል ብሏል። ያ ሰው ማታ እንቅልፍ ወስዶት ይሆን?

ጣሊያኖቹ ጋ ሲደርስ ሁለቱ ሥራ አንድ ሰው ላይ ነው። ቱቶሬ። ሕጋቸው አንቀጽ 357 ላይ ልጁን መንከባከቡንም፣ መወከሉንም፣ ንብረቱን ማስተዳደሩንም ለእሱ ነው የሚሰጠው። አጎትየውን ቱቶሬ አልኩ፤ ንብረቱ እሳቸው ጋ ነዋ። ለእማማ ቃል አጣሁ። አፊዳታሪያ አልኳቸው፤ ልጅ በአደራ የተሰጣት እንደማለት። አደራ ብሎ ማቆም ጥሩ ነበር፣ ግን በፈረንጆቹ 1983 ባወጡት ሕጋቸው ይህ አደራ ጊዜያዊ ነው። ልጁን ከጡት ጀምሮ ያሳደጉትን ሴትዮ...

አሁን እማማም ልጁም እዚህ ጣሊያን ናቸው። አጎትየው አዲስ አበባ። አንድ ቢሮ ሄደው፣ ሠራተኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ «ቱቶሬው የታለ? እሱ ይፈርም» አለቻቸው። አልተሳሳተችም! የጻፍኩትን ነው ያነበበችው።

እና ታውቃላችሁ ምን ነው የሚያበሽቀኝ? ከውሳኔው ጋር የቤት ካርታም ነበር። ካርታ! ቃሉን ከነሱ ነው የወሰድነው፣ ስንመልሰው ግን እነሱ ጋ ካርታ ማለት ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሊቀበሉን አይፈልጉም። ይዞታውስ? ፕሮፕሪዬታ፣ ባለቤትነት፣ እንዳልል መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40። ፖሴሶ እንዳልል እነሱ ጋ እጅ ላይ መገኘት ብቻ ነው፤ ሌባም ፖሴሶ አለው። ስለዚህ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩለት፣ ቤቱ የልጁ፣ መሬቱ የመጠቀም መብት፣ ምናምን ምናምን። ኮርቼበት ነበር።

ለመሬት ግማሽ ገጽ። ለእማማ አንድ ቃል።

ለእሳቸውም ልጽፍ ነበር፣ እውነቴን ነው። አራቱ ገጽ ሞላ። አምስተኛ ገጽ ከገባሁ ሌላ ቦሎ ነው፣ የ16 ዩሮ ቴምብር፤ እኛ መኪና ላይ የምንለጥፈው ቦሎ ዘመድ። ለእሳቸው ገንዘብ አዘንኩ። ያዘንኩ መሰለኝ። ወይ ደክሞኝ ነበር፣ ሌሊት ነበር፣ ጠዋት ፍርድ ቤት ሄጄ ስለ ትርጉሙ መማል ነበረብኝ።

ሄጄም ማልኩ። እውነትን ከማሳወቅ በቀር ሌላ ዓላማ አልነበረኝም ብዬ፣ ቆሜ።

ማስታወሻውን ብጽፈው ደግሞ የቢሮዋ ሠራተኛ ታነበው ነበር ወይ? እኔ እንጃ። ከላይ ቱቶሬ የሚል ካየች ታች ምን ያወርዳታል? ደግሞ ማን...

ይኸው ወንበሯን ተያያዘችው፣ ሰማችሁ?

ለእማማ ምን እንዳልኳቸው አልነገርኳችሁም። «አሳዳጊ ብዬ ነው የጻፍኩዎት እማማ» አልኳቸው። «እንዲያ ነው፣ ተባረኪ፤ ታዲያ ሴትዮዋ ለምን...» ብለው ሳይጨርሱ ሂሳባቸው አለቀ መሰለኝ፣ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም። ልደውል ነው፣ ነገ፣ ወይ... ቆይ፣ ባትሪው ቀይ እያበራ