የጓሮ በር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ነበርኩ። የእማሆይ አርባ ነበር። ከተመለስኩ ጀምሮ ሐሳቤ እዚያው ስለቀረ፣ ስለ እሳቸው ላውራችሁ።

ስማቸውን አልጠራም። በሕይወት እያሉም ስማቸው ሲነሳ አይወዱም ነበር። ሰፈሩም «እማሆይ» ብቻ ነው የሚላቸው። ባላቸው ሲሞቱ መነኮሱ። ገዳም ግን አልገቡም፤ እዚያው ቤታቸው ቆብ ደፍተው ኖሩ። የቀረው ዕድሜያቸው ለደብራችን ችግረኞችና ለቆሎ ተማሪዎች አለቀ። ደሞዝ የላቸው፣ ሹመት የላቸው።

የቆሎ ተማሪን ሕይወት ለማታውቁ ትንሽ ልንገራችሁ። ቅኔ ፍለጋ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ልጆች ወደ ጎጃም ይመጣሉ። ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ የሚባሉት ስሞች ለቅኔ ሰው ትልቅ ናቸው። ልጁ ደበሎውን ለብሶ የኔታ ፊት ይቀመጣል። ሲርበው አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ ዱላ ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። በሰጡት ቁራሽ ያድራል።

አዝመራ በገባበት ወቅት ሰው አይነፍገውም። ነሐሴ ነው ክፉው። ያለፈው ዓመት እህል እያለቀ ነው፤ አዲሱ አልደረሰም። መንገዱ ጭቃ፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ። የሰጪውም እጅ ያጥራል።

እማሆይ ለዚያ ወር የሚዘጋጁት ከጥር ጀምረው ነበር። ሰርግና ተዝካር ካለበት ቤት ሁሉ የተረፈ እንጀራ ይለምናሉ። ፀሐይ ላይ አስጥተው ድርቆሽ ያደርጉትና በማዳበሪያ ያስቀምጡታል። ገብስ ቆልተው በሶ ያስፈጫሉ። የራሳቸው የሚሉት ሀብት አልነበራቸውም። ለለማኝ የሚለምኑ ሴት ነበሩ። ይህንን ሳስበው ዛሬም ሆዴ ይባባል።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ።

ያኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ነበርኩ። ለፋሲካ ዱቄትና ዘይት ሰበሰብንና እኔ አስተባባሪ ሆንኩ። ችግረኞቹን ቅጥር ግቢው ውስጥ አሰለፍኩ። ስም ዝርዝሩን ጮክ ብዬ እያነበብኩ፣ ሲቀበሉ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። በሥራዬ ኮርቼ ነበር። አንዲት ሴት ስሟ ተጠርቶ አልቀረበችም። ሁለቴ ጠራሁና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ሲመሻሽ እማሆይ መጡና «ና ተሸከም» አሉኝ። የሴትየዋን ድርሻ ይዤ ተከተልኳቸው። በዋናው በር አልገቡም። ዞረው የጓሮውን በር አንኳኩ። ሴትየዋ ስትወጣ፣ «ልጄ፣ ባለፈው ያበደርሽኝን ዱቄት ልመልስ መጣሁ» አሏት።

ምንም አላበደረቻቸውም። ሁለቱም ያውቃሉ። ሴትየዋ ዓይኗ እንባ ሞላና «ምነው እማሆይ፣ ይግቡ እንጂ» አለች።

ስንመለስ ዝም ብለው ሄዱ፣ ሄዱና «ልጄ፣ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል ወንጌሉ» አሉኝ። «ስሟን ስትጠራ ፊቷን አይተኸዋል?»

አላየሁትም። ወረቀቱን ነበር የማየው። እሷ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ከሰልፉ ወጥታ ነበር። ያን ማታ ፎቶዎቹን በሙሉ አጠፋሁ።

ዛሬ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ዘይትና ዱቄት ታቅፈው ካሜራ ፊት የሚያለቅሱ እናቶች አያለሁ። ሰጪው ገንዘቡ የት እንደገባ ማወቅ አለበት ይባላል። እውነት ነው፣ ማወቅ አለበት። ሂሳቡ ይታይ፤ ስንት ኩንታል እንደተገዛ ይነገር። የተቀባይ ፊት ግን ደረሰኝ አይደለም።

እና አርባቸው ላይ... ፍትሐቱ ተደርሶ፣ ካህናቱ፣ የኔቢጤዎቹና ተማሪዎቹ በልተው ከተበተኑ በኋላ የልጅ ልጃቸው ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ሰባት ማዳበሪያ ድርቆሽ ተደርድሯል። ለነሐሴ ነው። የተማሪዎቹን ድርሻ የኔታ ያውቃሉ። ሌላው ግን የማን ነው? እማሆይ ዝርዝር ጽፈው አያውቁም። የትኛው ቤት ጓዳው ባዶ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያ ሁሉ ሚስጥር አብሯቸው ተቀበረ።

ልጅቷ «እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን እናስነግር ይሆን?» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ቁጭ ብለን ማስታወስ ጀመርን። ከገበያ ሲመለሱ በየት በኩል ይዞሩ ነበር? ዝናብ ሲይዛቸው ማን ቤት ይጠለሉ ነበር? እሷ ሦስት ቤት ጠረጠረች። እኔ በእርግጠኝነት የማውቀው አንድ የጓሮ በር ብቻ ነው።

ሲመሽ ከዚያ ጀመርን።