የትኛውን የድረ ገጽ ፍሬምወርክ አስቀድመን እንማር? ለሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ከሁሉ አዘውትራችሁ የምታነሡት ጥያቄ «ሪአክት ልማር፣ አንጉላር፣ ላራቬል ወይስ ጃንጎ?» የሚል ነው። እነዚህ ፍሬምወርኮች፣ ማለትም ድረ ገጽ ለመሥራት የሚያገለግሉ ዝግጁ የኮድ መዋቅሮች ናቸው፤ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈው ጃንጎና በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈው ላራቬል መረጃውን ከሚያስቀምጠው ከሰርቨሩ በኩል ሲሠሩ፣ ሪአክትና አንጉላር ደግሞ ተጠቃሚው የሚያየውን የገጹን ፊት ይሠራሉ። ጥያቄው ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን የሚነካ በመሆኑ ቀጥተኛ መልስ ይገባዋል። ምክንያቴን ግን ከመልሴ አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱ ግልጽ ከሆነላችሁ በመልሴ ባትስማሙ እንኳ የራሳችሁን ምርጫ አስባችሁ ትመርጣላችሁና።

ማንኛውም ፍሬምወርክ የተወለደው ፈጣሪዎቹን ካስቸገረ አንድ የሥራ ችግር ነው። ጃንጎ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በሎውረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ውስጥ ነው። አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን የዜና ክፍሉ የሚፈልገውን ገጽ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ማድረስ ነበረባቸው፤ ኮድ የማያውቁ ጋዜጠኞችም ጽሑፋቸውን ራሳቸው ማስገባት ነበረባቸው። ዛሬ ጃንጎን የጫነ ሰው ያለ ብዙ ድካም የሚያገኘው የአስተዳዳሪ ገጽ የዚያ የዜና ክፍል ውርስ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት ደግሞ የተነሣው ከሌላ ችግር ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ መልእክቱ፣ ማሳወቂያውና አስተያየቱ በየቅጽበቱ ሲለዋወጡ፣ መረጃውና በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር እንዳይለያዩ ማድረግ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ በአካባቢያችን የሚጠብቃችሁን ሥራ ተመልከቱ። የክሊኒክ የካርድ ክፍል፣ የትምህርት ቤት የውጤት መዝገብ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር የዕቃ ክምችት፤ እነዚህ ሁሉ በመሠረታቸው ፎርም፣ ሠንጠረዥ፣ የተጠቃሚ ፈቃድና ሪፖርት ናቸው። ችግራቸው ከፌስቡክ ገጽ ይልቅ ለጋዜጣው ክፍል ይቀርባል። ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጃንጎን ተማሩ፤ ፒኤችፒ የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ላራቬልን። ሪአክት ሁለተኛ ይሁን።

«ቀጣሪዎች የሚጠይቁት ሪአክትን ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ በተለይ ከሀገር ውጭ ላለ ድርጅት ከዚሁ ሆኖ መሥራት የሚፈልግ ሰው ሊሸሸው አይችልም። ነገር ግን የገጹን ፊት ብቻ የተማረ ሰው መረጃው ከየት መጥቶ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚገባም ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ይህን ስል በቀላሉ አይደለም፤ የሕሙማን መዝገብ የሚሠራ ባለሙያ የፈቃድን ጉዳይ ካልተረዳ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛው ስጋታችሁ የተማራችሁት ነገር ነገ ይሻራል የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው አንጉላር ጄኤስ ብዙ ተከታይ አፍርቶ ሳለ፣ በ2016 የወጣው አዲሱ አንጉላር ከሥሩ እንደገና የተጻፈ ስለነበር የቀድሞው ኮድ እንዳለ አልሠራበትም፤ የቀድሞው ድጋፍም በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ። የፍሬምወርኩን ትእዛዛት ብቻ የሸመደደ ሰው እንደ አዲስ መጀመር ግድ ሆነበት፤ የገጹ ፊት የሚጻፍበትን ጃቫስክሪፕት ቋንቋና ድረ ገጾች መረጃ የሚለዋወጡበትን ኤችቲቲፒ የተባለ ደንብ ጠንቅቆ የሚያውቅ ግን አብዛኛውን እውቀቱን ይዞ ተሻገረ። እናንተም ጃንጎ ፎርማችሁን አልቀበልም ብሎ 403 (ክልክል ነው) የሚል ስህተት ሲያሳያችሁ የመፍትሔውን መስመር ብቻ ገልብጣችሁ አትለፉ። ከፎርሙ ጋር መላክ የነበረበት ምስጢራዊ መለያ ለምን እንዳስፈለገ፣ ሌላ ድረ ገጽ በተጠቃሚው ኩኪ (ተጠቃሚውን ለመለየት ብራውዘሩ በሚይዘው መረጃ) ተጠቅሞ በስሙ ጥያቄ እንዳይልክ እንዴት እንደሚከላከል መርምሩ። ይህ እውቀት በላራቬልም ይሠራል፤ ገና ባልተወለደው ፍሬምወርክም ይሠራል።

አሁን በእጅጉ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልለፍ። እነዚህ መሣሪያዎች የእኛን አኗኗር ታሳቢ አድርገው አልተሠሩም። የጃንጎ መደበኛ የተጠቃሚ ሠንጠረዥ ለሰው ስም ያለው ቦታ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ነው፤ እኛ ግን የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም ነው የምንጽፈው። የራሳችሁን የተጠቃሚ ሠንጠረዥ በመጀመሪያው ቀን አዘጋጁ፤ የጃንጎ መመሪያ ራሱ ይህን ይመክራል፤ ሥራው ከተጋመሰ በኋላ መለወጥ አድካሚ ነውና። የዘመን አቆጣጠሩ ከዚህ ይብሳል። ለፓይተን የቀን መሣሪያ ጳጉሜን 13ኛ ወር ብላችሁ ብትሰጡት ስህተት መሆኑን ይነግራችኋል፤ መስከረም 1ን ግን የመጀመሪያው ወር የመጀመሪያ ቀን ብላችሁ ብታስገቡ እንደ ጃንዋሪ 1 ቆጥሮ ዝም ብሎ ይቀበላል። ዝም ያለው ስህተት ነው የሚያስፈራኝ፤ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን በዚህ መንገድ ሊሳሳት ይችላልና። ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑን በጎርጎርዮሳዊው አስቀምጣችሁ፣ ተጠቃሚው ሲያስገባና ሲያይ ብቻ ወደ እኛው አቆጣጠር ለውጡት።

ስለ ኢንተርኔትም በአጭሩ ልናገር። የጃንጎ ሙሉ መመሪያ በፒዲኤፍ ይወርዳል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላም ኤስኪውላይት ከተባለው፣ በአንድ ፋይል ከሚቀመጥ ትንሽ ዳታቤዝ ጋር የኢንተርኔት ግንኙነት በሌለበት ይሠራል። መስመር በሚቋረጥበት ቤት ለሚማር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በመጪው ክረምት የአንድ ዕድር መዝገብ ሥሩ። አባላት በሦስት ስም ይመዝገቡ፤ ወርሃዊ መዋጮውና ቅጣቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታይ፤ ገንዘብ ያዡ ክፍያን ይመዝግብ፤ ጸሐፊው ያንብብ እንጂ አያርም፤ አባሉም የራሱን ሂሳብ ብቻ ይመልከት። ሥራውን ስትጨርሱ ለእውነተኛ ገንዘብ ያዥ ሰጥታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ የት ላይ እንደሚቸገርም ጻፉ። በመስከረም ስንገናኝ ከዚያ ማስታወሻ ተነሥተን ሪአክት የሚያስፈልገው ገጽ የትኛው እንደሆነ አብረን እንመርጣለን።

አመሰግናለሁ።