«በማርያም» ዛቻ አይደለም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው ደውሎ «ስለ ፖሊስ ቦዲ ካሜራ፣ ፖሊስ ደረቱ ላይ ስለሚሰካው ካሜራ፣ ደንብ አሥር ደቂቃ ተናገርልን» ሲለኝ፣ ጠበቃ ፈልጉ ብዬ ነበር። እኔ ዕድሜዬን በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ጠበቃ እንግሊዝኛ ይቀላቅልብናል» አሉኝ። ይኸው ቆሜያለሁ። በወረቀት ጽፌ የመጣሁት፣ ካልጻፍኩ እንደማልጨርስ ስለምታውቁ ነው።

ደንቡን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሁሉንም ግን አታውቁም።

አንድ ወንድማችን፣ ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኛል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደንበኛ አድርሶ ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው። ዲሲ ውስጥ አይደለም፤ እዚሁ ጎረቤት ነው፣ ከተማውን ተዉት። ጥፋቱ የኋላ መብራት አለመብራቱ ነው። ወንድማችን ወረቀቱን ሊያወጣ ወደ ኪሱ እጁን ሰደደ። በዚህ አገር ይህ እንደማይደረግ ሁላችንም እናውቃለን። እሱም ያውቃል። ግን አሥራ አራት ሰዓት የነዳ ሰው ነው፣ እጁ ቀደመው። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ ጎትቶ አወጣው፤ መኪናው ላይ ደፋው፤ እጁን ወደ ኋላ ጠመዘዘው።

ወንድማችን ምን ይበል? እንግሊዝኛው ጠፋው። «ኧረ በማርያም! እጄን! በማርያም!» አለ።

በማግስቱ የፖሊሱ ሪፖርት ምን ይላል መሰላችሁ? «በውጭ ቋንቋ እየጮኸ ዛተብኝ» ይላል። ከዚያም «መያዝን ተቃውሟል» ተብሎ ተከሰሰ። በድንግል ስም መለመን ዛቻ ሆነ!

ጠበቃው ቪዲዮውን አስወጣ። ቁጭ ብዬ አብሬ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አማርኛ የሚሰማ ሰው ያስፈልግ ስለነበር። መጀመሪያ ላይ ምስል አለ፣ ድምፅ የለም። ካሜራው ቴክኒኩ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ በዝምታ እያየ ይቆያል፣ ቁልፉ ሲጫን ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን ሠላሳ ሴኮንድ ያለ ድምፅ ያስቀራል። ስለዚህ ፖሊሱ ቁልፉን የተጫነው ሰውየውን ጎትቶ ካወጣ በኋላ ነው ማለት ነው። ድምፁ ሲመጣ ወንድማችን መኪናው ላይ ተደፍቶ ማርያምን ይጠራል። ከቪዲዮው ጋር የመጣው ጽሑፍ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ «በውጭ ቋንቋ ይናገራል» ይላል። አለቀ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ የሰው ልጅ ለምኖ፣ በወረቀት ላይ አንድ መስመር።

ተርጉመን አቀረብን። ክሱ ተነሳ። እልል ተባለ፣ ቤቱ ሄደን በላን ጠጣን።

አሁን የማታውቁትን ልንገራችሁ። የእጁ ጅማት ተጎድቶ ነበር። መክሰስ ፈለገ። ሁለተኛ ፖሊስ ከጎን ቆሞ ነበር፤ እጁ ሲጠመዘዝ በደንብ የሚታየው በዚያኛው ካሜራ ነው። ወንድማችን ሽማግሌ አማከረ። ሽማግሌዎቹም «ተወው ልጄ፣ ክሱ ተነስቶልሃል፣ ከመንግሥት ጋር ምን ያጣላሃል» አሉት። አምስት ወር ቆየ። እጁ አልድን ሲል ሄዶ ጠየቀ። የሁለተኛው ፖሊስ ቪዲዮ «ምንም ያልተፈጠረበት» ተብሎ ተመድቦ ነበርና የማቆያ ጊዜው አልፎ ተሰርዟል።

ከነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እያልን አድገናል። ውቅያኖስ ተሻግረን ይህን ተረት በሻንጣችን ይዘነው መጣን። እዚህ አገር ንጉሡ ይከሰሳል ጎበዝ! ግን ቀን ተቆጥሮ ነው። በዲሲ ደንብ ለምርመራ የማይፈለግ ቪዲዮ የሚቆየው 90 ቀን ነው። 90 ቀን! እኛ ለቅሶ ተቀምጠን፣ ጾም ፈትተን፣ ዕድር ተሰብስቦ «እስቲ ይታሰብበት» እስኪል 90 ቀን ምን አላት? ካሜራውን አጠፉት እያልን ፖሊስን እናማለን። ያጠፋም አለ። ግን የኛን ቪዲዮ ከሁሉ በላይ ያጠፋው የኛው «ይቅርብን» ነው።

ቪዲዮ ሲጠየቅ ምን እንደሚያወጣ ደግሞ ባልቲሞር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ፖሊስ ዕፅ የያዘ የሾርባ ጣሳ ቆሻሻ መሃል ያስቀምጣል፤ ወደ መንገድ ይወጣል፤ የካሜራውን ቁልፍ ይጫናል፤ ከዚያ ተመልሶ ጣሳውን «ያገኛል»። ረስቶታል መሰለኝ፣ ያቺ ድምፅ የሌላት ሠላሳ ሴኮንድ ከነጣሳው ቀድታዋለች። የቀዳችው ግን ማንም ሳያያት ወራት ተቀምጣለች። የተገኘችው የተከላካይ ጠበቆች ስላዩአት ነው። በ2018 ሰውየው ማስረጃ በመፍጠር ጥፋተኛ ተባለ።

ካሜራ ደረት ላይ ስለተሰካ ብቻ ሰው አይለወጥም። ዲሲ ራሷ ሞክራዋለች። ከ2,000 በላይ ፖሊሶችን በዕጣ ከፍላ፣ ግማሹን ካሜራ አስይዛ፣ ግማሹን ያለ ካሜራ አሰማርታ አጠናች። ውጤቱ በ2017 ሲወጣ፣ በኃይል አጠቃቀምም ሆነ በቅሬታ ብዛት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «ታዲያ ካሜራው ምን ይሠራል?» አለ። እኔ ግን አልገረመኝም። የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ላይስ ካሜራ የለም? መኪናችሁ ሲገጭ ሄዶ ቪዲዮውን ያየ ሰው አለ?

እንግዲህ ደንቡ። በዲሲ ፖሊስ ወደ ጥሪ ሲሄድ ካሜራውን ማብራት አለበት፤ ሁኔታው ከፈቀደም እየተቀረጻችሁ መሆኑን ይነግራችኋል። በቪዲዮው ውስጥ ያላችሁ እናንተ ከሆናችሁ፣ ነገሩ በተፈጠረበት ክልል ፖሊስ ጣቢያ ቀጠሮ ይዛችሁ ለማየት መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ሌላ ሰው ምስጢሩ የሚነካ ካልሆነ ያሳዩአችኋል። ፖሊስ ሰው ከገደለ ወይም ከባድ ኃይል ከተጠቀመ ደግሞ ከንቲባው ቪዲዮውን በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለሕዝብ ማውጣት አለበት። ተጎጂው ወይም የሟች ቤተሰብ አይውጣብን ካለ ግን አይወጣም። ይህ በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ ከሞተ በኋላ የመጣ ሕግ ነው።

ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ሕጋችሁ የካውንቲ ፖሊሶች ሁሉ እስከ ጁላይ 2025 ካሜራ እንዲይዙ አዟል። የማቆያ ቀኑ ግን እንደየቦታው ይለያያል፤ ቨርጂኒያም እንዲሁ ነው። የየሰፈራችሁን ጠይቁ።

የፌዴራል ፖሊስ ሲሆን የዲሲ ደንብ አይሠራም። በ2022 የፌዴራል ፖሊሶች ካሜራ እንዲያደርጉ የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በጃንዋሪ 2025 ተሽሯል። ይህ ራሱን የቻለ ስብሰባ ይፈልጋል፤ ሰዓቴም እያለቀ ነው።

አንዱን ግን ሳልናገር አልወርድም። ዲሲ በ2004 የቋንቋ ሕግ አውጥታለች። በዚያ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ስንጠይቅ አናፍርም። ታዲያ ሰው መሬት ላይ ተደፍቶ የተናገረው ለምን «የውጭ ቋንቋ» ተብሎ ይታለፋል? የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በፖሊስ ቪዲዮ ውስጥ አማርኛ ከተነገረ፣ ሪፖርቱ «ዛተ» ከማለቱ በፊት አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይስማው። ዲሲም፣ ጎረቤቶቿም። የሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባ ላይ ሄደን ይህን እንናገራለን፤ አሁን እያጨበጨባችሁ ያላችሁ ሁሉ ያን ቀን ሺፍት ቀይሩ!

ወጣቶቻችን የቪዲዮ መጠየቂያ ወረቀት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተዋል። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። የሚሞላው ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ካወቃችሁትም የፖሊሱ የባጅ ቁጥር ነው። አንድ አንድ ይዛችሁ ሂዱ፤ መኪናችሁ ውስጥ አስቀምጡት፣ ኪሳችሁ ውስጥ ግን አይደለም። እስክሪብቶውን ደግሞ መልሱ። ባለፈው ሦስት ጠፍቶብናል።

አመሰግናለሁ።