ሰሃራ መሀል የተገኘው የሐይቅ ዳር መቃብር

ይህ ቦታ ጎቤሮ ይባላል። ኒጀር ውስጥ፣ ቴኔሬ በሚባለው በረሃ ይገኛል። ዛሬ ዛፍ የለ፣ ውሃ የለ፤ አሸዋ ብቻ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በቅሪተ አካል ተመራማሪው በፖል ሴሬኖ የሚመራ ቡድን ወደዚህ አካባቢ የመጣው የዳይኖሰር ቅሪት ፍለጋ ነበር። ያጋጠመው ግን የሰው አጽም ሆነ። ነፋሱ አሸዋውን ጠርጎ አጥንቶቹን ሜዳ ላይ አውጥቷቸዋል። በመሀላቸው የሸክላ ስብርባሪ፣ የዓሣ አጥንት፣ ከአጥንት የተሠራ መንጠቆ ተበትኗል። የጉማሬና የአዞ አጥንትም አለ። በረሃ ላይ ጉማሬ! ለካ እዚህ ሐይቅ ነበረ። ሰዎቹ ሐይቁ ዳር ባለው የአሸዋ ጉብታ ላይ ይሰፍራሉ፤ የሞተባቸውንም እዚያው ይቀብራሉ።

ዋናው ቁፋሮ የተካሄደው በ2005 እና በ2006 ነው። ወደ 200 የሚጠጉ መቃብሮች ተገኙ።

ሸክላው ግን ግራ አጋባ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ኤሌና ጋርቼአ ስብርባሪዎቹን ስታገላብጥ ሁለት ዓይነት ጌጥ አየች። አንዱ የሚጥመዘመዝ መስመር ነው፤ ይህ ኪፊያን የሚባሉት ሰዎች ሥራ ነው። ሌላው ነጠብጣብ ነው፤ ይህ ደግሞ የቴኔሪያኖች። የተለያየ ዘመን ሰዎች ናቸው። ታዲያ አንድ ጉብታ ላይ ምን አገናኛቸው?

የአጥንቶቹ ዕድሜ ሲለካ ነገሩ ጠራ። ኪፊያኖች እዚህ የኖሩት ከ9,700 እስከ 8,200 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከዚያ ዝናቡ ቀረ፣ ሐይቁ ደረቀ፣ ቦታው 1,000 ዓመት ያህል ሰው አልባ ሆነ። ዝናቡ ሲመለስ ቴኔሪያኖች መጡ። ያገናኛቸው ውሃው ነው።

አቀባበራቸውም ለየቅል ነው። ኪፊያኖች ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ተሰብስቦ፣ የታሰሩ እስኪመስል ተጣጥፈው ነው የተቀበሩት። ቴኔሪያኖች በጎናቸው ይጋደማሉ፤ አንዳንዶቹም ከነጌጣቸው። አንዲት ልጅ ከጉማሬ ጥርስ የተሠራ አምባር እንዳደረገች ተገኝታለች።

አሁን ይህን መቃብር ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። አንዲት ሴትና ሁለት ሕፃናት ፊት ለፊት ተጋድመዋል፤ እጆቻቸው ተቆላልፈዋል። አጥንታቸው ላይ የጉዳት ምልክት አልታየም። አብረዋቸው የቀስት ጫፎች ተገኝተዋል። ከሥራቸው ባለው አሸዋ ውስጥ ደግሞ የአበባ ብናኝ ተከማችቶ ነበር። ቡድኑ ከዚህ ተነስቶ ቀባሪዎቹ አበባ አንጥፈው እንዳስተኟቸው ገምቷል። እኔ በበኩሌ ከጎቤሮ ግኝቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም። አንድ ሰው እጆቻቸውን አስተካክሎ አያይዟቸዋል።

ይህን ሁሉ ያወቅነው አጥንቶቹ ከነአቀማመጣቸው ስለተገኙ ነው። አንድ ባንድ ተለቅመው ቢሆን ኖሮ ማን ማንን እንዳቀፈ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ቁፋሮው በብሩሽ ነው፤ እያንዳንዷ አጥንት ሳትነቃነቅ ትጸዳለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ ትመዘገባለች። ሦስቱ አጽሞችም በጀሶ ተጠቅልለው፣ ከሥራቸው ካለው አሸዋ ጋር አንድ ላይ ነው የተነሱት። መቸኮሉም ግድ ነበር፤ አጽሞቹን ያወጣው ነፋስ መልሶ ያደቃቸዋል።