ናጋሬያማ፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓትን ያሰበች ከተማ

የተከበራችሁ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

የጃፓን ሕዝብ ቁጥር መቀነስ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። በገጠሩ ትምህርት ቤቶች በተማሪ እጦት እየተዘጉ፣ ወራሽ ያጡ ቤቶችም ባዶአቸውን እየቀሩ ነው። በዚህችው አገር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 እስከ 2021 ድረስ ለስድስት ተከታታይ ዓመታት በሕዝብ ዕድገት ምጣኔ ከከተሞች ሁሉ ቀዳሚ ሆና የቆየች አንዲት ከተማ አለች። ቺባ በተባለው ግዛት፣ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ናጋሬያማ ናት። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ናጋሬያማ የኤዶ ወንዝን ተንተርሳ፣ ለምግብ ማጣፈጫነት በሚያገለግለው ሚሪን በተባለ የሩዝ መጠጥ ስትታወቅ የኖረች የንግድ ሥፍራ ነበረች። ከተማ ተብላ የተሰየመችው በ1967 ነው። ከወንዙ ዳር ሰፈር ወደ ቶኪዮ መሄድ የፈለገ ሰው በ1916 ሥራ በጀመረችውና ርዝመቷ 5.7 ኪሎ ሜትር ብቻ በሆነ የባቡር መስመር እስከ ማባሺ ጣቢያ ተጉዞ፣ እዚያ ሌላ ባቡር መያዝ ነበረበት። ይህች ትንሽ መስመር ዛሬም ትሠራለች፤ ከተማዋን የለወጣት ግን እርሷ አይደለችም።

ለውጡ የመጣው ነሐሴ 24 ቀን 2005 አገልግሎት በጀመረው በጽኩባ ኤክስፕረስ ነው። ከቶኪዮው አኪሃባራ እስከ ጽኩባ 58.3 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ይህ መስመር በናጋሬያማ ውስጥ ሦስት ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን፣ ኦታካኖሞሪ ከተባለው ጣቢያ የተሳፈረ ሰው በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አኪሃባራ ይደርሳል። ለእኛ ሙያ ትልቁ ቁም ነገር ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ከበስተጀርባው ያለው ሕግ ነው። በ1989 የወጣው ሕግ የሐዲዱ ግንባታና በዙሪያው የሚነሣው የመኖሪያ ሰፈር ተነጣጥለው እንዳይታቀዱ፣ ለባቡሩ የሚያስፈልገው መሬትም በመሬት ሽግሽግ አማካይነት ተሰብስቦ እንዲገኝ መንገድ ከፈተ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ባለይዞታ ከመሬቱ የተወሰነውን ለመንገድ፣ ለመናፈሻና ለልማቱ ወጪ መሸፈኛ ይለቃል፤ የቀረውን ደግሞ ቅርጹ ተስተካክሎ፣ ዋጋው ከፍ ብሎ ይረከባል።

ይሁንና በዚሁ መስመር ላይ ሌሎች ከተሞችም አሉ፤ ባቡሩ ለሁሉም እኩል ነው የመጣው። ናጋሬያማን የለያት ማንን እንደምትፈልግ አስቀድማ መወሰኗ ይመስለኛል። በአሜሪካ ተምረው በከተማ ፕላን ሙያ የሠሩት ዮሺሃሩ ኢዛኪ በ2003 ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ በቀጣዩ ዓመትም ማዘጋጃ ቤቱ የገበያ ጥናትና የማስተዋወቅ ሥራ የሚሠራ ክፍል በውስጡ አቋቋመ። የማዘጋጃ ቤትና የገበያ ሥራ ምን ያገናኛቸዋል የሚል ይኖር ይሆናል። ክፍሉ ግን ዒላማውን በጠባቡ ነበር የመረጠው፤ ባልም ሚስትም ሥራ ያላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ ወጣት ቤተሰቦችን። «እናት የምትሆኚ ከሆነ፣ ናጋሬያማ» የሚል ትርጉም ያለው ማስታወቂያም በመሐል ቶኪዮ የምድር ባቡር ጣቢያዎች ተለጠፈ።

ማስታወቂያ ብቻውን ሰው አያሰፍርም። ሁለቱም ወላጆች ቶኪዮ በሚሠሩበት ቤት ፈተናው ጠዋት ላይ ነው፤ ቦታ የተገኘበት የሕፃናት ማቆያ ከጣቢያው በተቃራኒ አቅጣጫ ከሆነ፣ ልጁን አድርሶ ተመልሶ ባቡር መያዝ የቀኑን ሥራ ሳይጀምሩ ያደክማል። ከተማዋ ከ2007 ጀምሮ ለዚህ መላ አበጀች። ወላጅ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ልጁን ከኦታካኖሞሪ ጣቢያ አጠገብ ለተከፈተው መቀበያ አስረክቦ በቀጥታ ባቡሩ ላይ ይወጣል፤ ልጆቹን በየማቆያቸው የሚያደርሳቸውና ማታ ወደ ጣቢያው የሚመልሳቸው አውቶቡስ ነው። ክፍያው በቀን 100 የን፣ በወር ቢበዛ 2,000 የን እንዲሆን ተደረገ። በማግስቱ ዓመት ሚናሚ ናጋሬያማ በተባለው ጣቢያም ተመሳሳይ መቀበያ ተከፈተ። ዘዴው ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ከጣቢያ ርቀው ቦታ የተረፋቸው ማቆያዎች ልጆች አገኙ።

ጽኩባ ኤክስፕረስ ሥራ ሲጀምር ወደ 150,000 ገደማ የነበረው የነዋሪ ቁጥር በ2021 ከ200,000 አለፈ።

ዕድገቱ ያለ ዋጋ አልመጣም። ኦታካኖሞሪ ማለት የጭልፊት ደን ማለት ነው፤ ስሙ የተገኘው በአካባቢው ባለው ደን ውስጥ ከሚራባው ጭልፊት ሲሆን፣ ከልማቱ የዳነው የደኑ ክፍል ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። የወፏን ደን ያሳነሰ ሰፈር በስሟ መጠራቱን ሳስብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ከተማዋ በየግቢው ዛፍ ለሚተክሉ አልሚዎች ዕውቅና የምትሰጥበት ሥርዓት መዘርጋቷ በጎ ቢሆንም፣ የተተከለ አጥር የጠፋ ደንን አይተካም።

ትምህርት ቤቶቹም ሌላ ዕዳ ናቸው። በ2015 የተከፈተው የኦታካኖሞሪ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈጥኖ ሞላ፤ በከተማዋም በ2021 ሌላ፣ በ2024 ደግሞ ሁለት ተጨማሪ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። በአንድ ዘመን የገቡ እኩያ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በአንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ያስገባሉ፤ እነዚያ ልጆችም በአንድ ጊዜ ከቤት ይወጣሉ።

ይህ የሚሆነውን ለማየት ከናጋሬያማ መውጣት አያስፈልግም። በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል፣ በ1958 ጣቢያ የተከፈተለት ኤዶጋዋዳይ የተባለ ሰፈር አለ። ያኔ እርሱም የቶኪዮ ተመላላሽ ሠራተኞች፣ ወጣት ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው የገቡበት አዲስ ሰፈር ነበር። ልጆቹ አድገው ወጡ፤ ወላጆቹ እዚያው አረጁ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ዛሬ ወጣቶችን ወደዚያ ለመመለስ ይጥራል። ኦታካኖሞሪ ካረጀው ጎረቤቱ የሚርቀው ሁለቱን በሚያገናኘው በሌላኛው፣ ቶቡ በተባለው ኩባንያ የባቡር መስመር ሁለት ጣቢያ ብቻ ነው።

አመሰግናለሁ።