የአክስቴ የዱቤ ደብተርና የነገው ፈተና

እንደምን አመሻችሁ። ይህን ክፍል የምቀዳው ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቀው ቤታችን ሆኜ ነው። ነገ ጠዋት የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ውስጥ ለዳታ አናሊስትነት (ለመረጃ ተንታኝነት) ቃለ መጠይቅ እቀርባለሁ፤ ከቃለ መጠይቁ በፊትም በላፕቶፕ የሚሠራ የኤክሴል ፈተና እንዳለ አስቀድመው ነግረውኛል። ዛሬ የማጫውታችሁ ባለፉት ሦስት ሳምንታት እንዴት እንደተለማመድኩ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከኢንተርኔት የልምምድ ፋይሎች እያወረድኩ ቪሉካፕን (አንድን ዕቃ ከሠንጠረዥ ፈልጎ ዋጋውን የሚያመጣ ፎርሙላ) እና ፒቮት ቴብልን (መዝገብን በየዓይነቱ ከፍሎ የሚደምር ሠንጠረዥ) ደጋግሜ ሠራሁ። አልጠቀመኝም አልልም፤ በቪሉካፕ መጨረሻ ላይ «ፎልስ» ብሎ መጻፍ ከተረሳ ኤክሴል ተቀራራቢውን ፈልጎ፣ ምንም የስህተት ምልክት ሳያሳይ፣ የሌላ ዕቃ ዋጋ ሊያመጣ እንደሚችል የተረዳሁት ያኔ ነው። ነገር ግን እነዚያ ፋይሎች አስቀድሞ ሰው ያጸዳቸው ናቸው፤ በሥራ ላይ የሚያጋጥመው መዝገብ እንደዚያ እንደማይሆን ስለገመትኩ፣ በሁለተኛው ሳምንት የአክስቴን የዱቤ ደብተር ተዋስኩ።

አክስቴ የጽሕፈት መሣሪያ ትሸጣለች። የ2016ን ዱቤ በእጇ የጻፈችበትን ደብተር ስም፣ ዕቃ፣ ብርና ቀን እያልኩ ወደ ኤክሴል ገለበጥኩት፤ ቀኑንም እሷ እንደጻፈችው ቀን፣ ወር፣ ዓመት አድርጌ አስገባሁ። ወሩን ለብቻው የሚያወጣ ፎርሙላ ጨመርኩ፤ ስህተት ያሳዩትን ሴሎች «በኋላ አያቸዋለሁ» ብዬ በኢፍኤረር፣ ማለትም ስህተት ሲመጣ በምትኩ የፈለጉትን በሚያሳይ ፎርሙላ፣ ባዶ አደረግኋቸው፤ ከዚያ በየወሩ የሚደምር ፒቮት ሠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ጣቷን በስክሪኑ ላይ ወደ ታች አወረደችና «ጳጉሜን የት ሄደች? ኅዳር ላይስ ይህን ያህል ደብተር ማን ገዛኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ «አብሽሪ፣ ተይው ነገ ታዪዋለሽ» ብላ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። የላፕቶፔ የቀን አጻጻፍ የአሜሪካ ስለሆነ ኤክሴል ወርን ከቀን ያስቀድማል። ስለዚህ ጳጉሜን 3ን 3/13/2016 ብዬ ስጽፍ እሱ ማርች 13 ብሎ ያነበዋል፤ የወሩ ቁጥር 3 ስለሚሆን የእኔ ሠንጠረዥ ኅዳር ብሎ ይመዘግበዋል። የመስከረም የመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት በዚሁ መንገድ በ12ቱ ወሮች ላይ ተበትነዋል። ጥቅምት 15ን ደግሞ፣ 15ኛ ወር ስለሌለ፣ ጭራሽ ቀን ነው ብሎ አልተቀበለውም፤ እንደ ጽሑፍ በሴሉ የግራ ጠርዝ ትቶታል፤ ቀን ናቸው ያላቸው ግን ወደ ቀኝ ተጠግተዋል። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አየው ነበር። ኢፍኤረር የሸፈነልኝ እነዚህን ነው፤ ከ12 በላይ የሆነው ቀን ሁሉ ማለት ነው፤ ከደብተሩ የሚበዛው መስመር ከድምሩ ውጭ ቀርቶ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ኤክሴል ነግሮኝ ነበርና፣ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

አሁን ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት አምድ ለያይቼ ጽፌዋለሁ። የ2016 መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ከወሩ ቁጥር አንድ ቀንሶ በ30 ማባዛት፣ ከቀኑም አንድ ቀንሶ መደመር፣ ድምሩን በዚያ ቀን ላይ መጨመር ይበቃል፤ ጥቅምት 15 ኦክቶበር 26 ላይ ይውላል። ከአምስቷ ቀኗ ጋር ጳጉሜንም በዚሁ ስሌት ቦታዋን ታገኛለች። የራሳችን የቀን አቆጣጠር ለፎርሙላ እንዲህ የሚመች መሆኑን በማየቴ በጣም ደስ ብሎኛል።

ነገ ፋይሉ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምሠራው ድምር አይደለም። በቀን አምዱ ላይ ካውንትንና ካውንትኤን ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ ኤክሴል ቀንን የሚይዘው እንደ ቁጥር ነውና፣ የመጀመሪያው ቁጥር የሆኑትን ብቻ፣ ሁለተኛው ባዶ ያልሆነውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ሁለቱ ከተለያዩ ቀን መስሎ የተቀመጠ ጽሑፍ አለ ማለት ነው። በስም አምድ ላይ ደግሞ «ዓለም» እና «አለም» እንደ ሁለት ሰው መቆጠራቸውን አያለሁ። ሰዓቱ ቢያጥረኝም እንኳ ይህን አልዘልለውም።

ከደብተሩ ቀለማቸው የደበዘዘ 11 መስመሮች ቀርተውኛል፤ አክስቴ ሱቋን ዘግታ ስትመጣ አብረን እናነባቸዋለን።