ጎረቤታችን የሆነ አልበምና የአድማጮቹ ክርክር

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙዚቃ ወዳጆች፣

በሥራ ቀን ምሽት፣ ያውም ከወጣ ከ15 ዓመት በላይ ስለሆነው አንድ የአሜሪካኖች አልበም ለመነጋገር፣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አልበሙን የመረጥኩት የጎረቤት ሥራ ስለሆነ ነው። አኒማል ኮሌክቲቭ የባልቲሞር አካባቢ ልጆች ያቋቋሙት ባንድ ሲሆን፣ በጃንዋሪ 2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት አልበም ስሙን እንዳለ የወሰደው እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ኮሎምቢያ ከተማ ካለው ሜሪዌዘር ፖስት ፓቪሊየን ነው፤ ከዚህ በ29 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ለሚነዳ ሰው ሩቅ አይደለም። በ1967 የተከፈተ፣ ከፊሉ ታዳሚ በጣሪያ ሥር፣ ከፊሉ ደግሞ ውጭ ሣሩ ላይ ተቀምጦ የሚያዳምጥበት የኮንሰርት ስፍራ ነው። ሣሩን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሐያስያኑ ስለ አልበሙ ያሉት ብዙ አያከራክርም። አብዛኞቹ አወደሱት፣ በርካቶችም ከዓመቱ ምርጥ ሥራዎች ግንባር አሰለፉት፤ የአሜሪካ አልበሞች ደረጃ በሚወጣበት በቢልቦርድ 200 ሰንጠረዥ 13ኛ ሆኖ መግባቱም ቀድሞ ጥቂቶች ብቻ ለሚያውቁት ባንድ ትልቅ ነገር ነበር። የሚያከራክረው የተራው አድማጭ አስተያየት ነው። በ2004 የወጣውን «ሳንግ ቶንግስ»ን እና በ2005 የወጣውን «ፊልስ»ን እያዳመጡ የቆዩት ወዳጆቹ፣ ባንዱ ሻካራነቱንና ጊታሩን ጥሎ ለጭፈራ የሚመች ጣፋጭ ነገር ሠራ ብለው አዘኑ። አዲሶቹ ደግሞ በዚሁ ጣፋጭነት በኩል ገብተው፣ ወደ ቀደሙት አልበሞች ሲመለሱ ደነገጡ። ዘፈኖቹን አልበሙ ከመቀረጹ በፊት፣ በ2007 በየመድረኩ ሲጫወቷቸው የሰሙም ነበሩ፤ እነርሱ የኮንሰርት ቅጂ እየተቀባበሉ ጆሯቸውን ካስለመዱ በኋላ፣ ስቱዲዮው ጥሬነቱን አጠበው አሉ።

«ለገበያ ሲል ተለወጠ» የሚለው ክስ እኔን አላሳመነኝም። ጊታሩ የጠፋው ዲኪን የሚባለው ጊታር ተጫዋች ጆሽ ዲብ በዚያ ወቅት ከባንዱ ለጊዜው ስለራቀ ነው። የቀሩት ሦስቱ፣ ማለትም በመድረክ ስማቸው ኤቪ ቴር፣ ፓንዳ ቤርና ጂኦሎጂስት፣ ክፍተቱን የተቀዳ ድምፅ እየቆራረጠ በሚያጫውተው በሳምፕለር ሞሉት፤ ቀረጻውንም በ2008 ሚሲሲፒ ውስጥ በምትገኘው ኦክስፎርድ ከተማ ሲያካሂዱ፣ በሂፕ ሆፕ ሥራ ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ፣ ማስተካከል የተካነውን ቤን አለንን አብሯቸው አሠሩት። ሰው ሲጎድል ቅንብር ይለወጣል፤ ይህን በየሳምንቱ መድረክ ላይ የሚወጣ ማንኛውም ኪቦርድ ተጫዋች ያውቀዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ራሴ መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር። በላፕቶፕ ስፒከር ነበር ያዳመጥኩት፤ ቤዙ ጭራሽ አይሰማም፣ የቀረው ብርጭቆ ውስጥ የገባች ንብ የመሰለ የድምፅ ጥዝጥዝታ ብቻ ነበር፤ ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ ዘጋሁት። ከወራት በኋላ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ ከዋሽንግተን ወደ ቤት ሲያደርሰኝ፣ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ትልቅ ስፒከር በገጠመባት መኪናው ያንኑ አልበም ከፈትኩለት። የመጀመሪያው ዘፈን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል በደብዛዛው ሲያጉረመርም ቆይቶ በድንገት ሲፈነዳ፣ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችው መስቀል መንቀጥቀጥ ጀመረች። ወዳጄም ድምፁን ከፍ አደረገና፣ «ጎበዞች ናቸው፤ ግን ምንድን ነው የሚሉት?» ብሎ ጠየቀኝ።

በዚህ ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ዘፈን ስንሰማ ቀድመን የምንይዘው ግጥሙን ነው፤ ስንኙ ካልተሰማን ቅንብሩ የቱንም ያህል ቢያምር ዘፋኙ ምንም እንዳላለ እንቆጥረዋለን። በዚህ አልበም ግን የሁለቱ ድምፃውያን ድምፅ በግራና በቀኝ እየተደራረበ፣ በማስተጋቢያ እየራሰ፣ ቃሉ ከመሣሪያው ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ይሰምጣል። ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆነ አድማጮችም ይህንኑ ያማርራሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ አልበሙ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ በተለይ «ኖ ሞር ረኒን» በሚለው ዘፈን ላይ፣ ልስላሴው በዝቶ እኔንም ያንቀላፋኛል። ነገር ግን ስሙን የሰጠውን ሣር አስቡት፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ከመድረኩ ርቆ፣ በነፋስና በሰው ወሬ መካከል ሆኖ ነው የሚያዳምጠው፤ ስንኙ ባያገኘውም ምቱ ያገኘዋል። በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን ሆኖ የፈረደና በሰው መካከል ቆሞ የፈረደ ሁለት አድማጭ አንድ አልበም አዳመጡ ለማለት ይቸግረኛል።

ቃሉን ፈልቅቆ ላወጣ ሰው ግን ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ብዙዎች የሚጨፍሩበት «ማይ ገርልስ» የፓንዳ ቤር ዘፈን ነው፤ የሚለውም ሀብትና ክብር አያጓጓኝም፣ ለሚስቴና ለልጄ የሚሆን ቤት ብቻ ይኑረኝ ነው። የሚመኘው ቤት ደግሞ በፀሐይ ከደረቀ የጭቃ ጡብ የተሠራ ነው። ይህን ለወዳጄ ስተረጉምለት ከልቡ ሳቀ፤ አያቱ ያወረሷቸውንና አባቱ አፍርሰው በብሎኬት የተኩትን ቤት ፈረንጅ እየዘፈነ ይመኘዋል ብሎ። ሳቁ ሲበርድለት ግን፣ በዚህ አገር የቤት ዋጋ እየታሰበው ይመስለኛል፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እንድደግምለት ጠየቀኝ። ቢዮንሴ በ2016 ባወጣችው አልበም ውስጥ ለአንዱ ዘፈኗ ከዚህ ሥራ ወስዳ ለባንዱ የደራሲነት ድርሻ ሰጥታለች፤ ለጣፋጭነቱ ከተሰጡት ምስክርነቶች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

የመጨረሻው ዘፈን «ብራዘር ስፖርት» ነው። ለረጅም ጊዜ የፌስቲቫል ሆያ ሆዬ መስሎኝ ነበር፤ አዝማቹ ይደጋገማል፣ ጩኸቱ ከበሮውን ይጫናል። ፓንዳ ቤር ይህን የጻፈው አባታቸው ከሞቱ በኋላ ለወንድሙ መሆኑን፣ ሐዘኑን በሆዱ ከመያዝ በድምፁ እንዲያወጣው እየጎተጎተው መሆኑን ሳውቅ ግን፣ ያ ድግግሞሽ ለእኔ መልኩን ለወጠ። እኛ ለቅሶ ቤት ያደግን ሰዎች የዝምተኛውን ሐዘንተኛ ጉሮሮ ለማስከፈት አልቃሿ አንዱን ስንኝ ስንት ጊዜ እንደምትመልሰው እናውቃለን። «መደጋገሙ ይሰለቻል» ብለው ይህን ዘፈን የሚነቅፉትን አድማጮች አልወቅሳቸውም፤ ሳላውቅ እኔም ያልኩት ነው።

እንግዲህ ድምፅ ማጉያውን የያዘው ወንድማችን ቤዙን ሳይቀንስ ይህንኑ ዘፈን ያሰማን፤ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ አስተያየታችሁን፣ የተቃውሞውን ጭምር፣ በየተራ እቀበላለሁ።